ከፔንዛንስ የምትጠበቀዋ

ብሮና የአባቷን አፍንጫ ቆነጠጠች።

ሳሎኑ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። መቁጠሪያ የሚቆጥሩ ጣቶች ባሉበት ቀጥ አሉ፤ ማጂ የምትባለው የጎረቤት ባልቴት ወደ አፏ ያስጠጋችው ሳንድዊች አየር ላይ ቀረ። ብሮና ማንንም አላየችም። ካፖርቷን አላወለቀች፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደች። ከፕሊማውዝ እስከ ብሪስቶል በባቡር፣ ከብሪስቶል እስከ ቤልፋስት በአውሮፕላን፣ ከቤልፋስት እስከ ዴሪ በአውቶቡስ መጥታ፣ ደጃፍ ላይ ቆመው ሲጋራ የሚያጨሱትን ወንዶች ገፍትራ ገብታ፣ በቀጥታ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ የሬሳውን አፍንጫ በሁለት ጣቶቿ ያዘች።

«በቃህ» አለችው። «አሸንፈሃል። ይኸው መጣሁ። ተነስና ሰዓትህን ምታ።»

ኮርማክ ዴቨኒ አልተነሳም። ሌላ ጊዜ አፍንጫው ሲያዝ መጀመሪያ ጆሮው ይቀላል፣ ቀጥሎ ሆዱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ከዚያ እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ክዳኑን ወርውሮ ይስቃል። አሁን ጆሮው ራስጌው ላይ እንደሚነደው ሻማ ነጭ ነበር። ጣቶቿን ስታነሳ የተቆነጠጠው ቦታ እንደተጨመቀ ቀረ።

እናቷ ኑላ ከኋላ መጥታ አቀፈቻት።

«ተይው የኔ ልጅ። ይሄኛው የእውነቱ ነው።»

የኮርማክን ነገር የማያውቅ ሰው ቢኖር «የእውነቱ» ሲባል ግራ በተጋባ ነበር። በዚያ ሰፈር ግን የማያውቅ የለም። ኮርማክ ዋሸ ቢባል ማንም ቀና ብሎ አያይም፤ እውነት ተናገረ ቢባል ሱቁን ዘግቶ ሊሰማ የሚመጣ ሞልቷል። እንጀራው የዳቦ መኪና መንዳት ነበር፤ ከዳቦው ጋር በየቤቱ የሚያድለው ወሬ ከዳቦው በላይ የተነፋ ነበር። ነፍሱ ግን ጓሮው ውስጥ፣ በእርግብ ቤቱ ነበረች። እርግቦቹን በቅርጫት ባሕር ማዶ ይልካቸዋል፤ እዚያ ሲለቀቁ እሱ አንጋጦ ሰማይ ሲያይ ይውላል። እርግቧ ስትገባ የውድድሩን የላስቲክ ቀለበት ከእግሯ ያወልቅና፣ እንደ ትንሽ ሣጥን ያለች የእርግብ ሰዓቱ ውስጥ ጥሎ መቀርቀሪያውን «ቋ!» ያደርገዋል። ያ ድምፅ ካልተሰማ እርግቧ ብትመጣም በውድድሩ እንዳልመጣች ነው የምትቆጠረው።

ማምሻውን የእርግብ ማኅበሩ ሰዎች መጡና ሣጥኑ ዙሪያ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ሬሳ ብቻውን አይተውም፤ የሚጫወት ይጫወታል፣ የሚጸልይ ይጸልያል። ከሁሉ ቀድሞ ወሬ የጀመረው ፊንታን ነው፤ ከኮርማክ ጋር ከሕፃንነት ጀምሮ አንድ ላይ የተገረፈ ጓደኛው።

«አንዱን አውራ እርግብ ከሊቨርፑል ለቀነው ቀረ» አለ። «እኛ ጭልፊት በላው ብለን አለቀስን። ኮርማክ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹አልጠፋም፣ ደክሞት መርከብ ተሳፍሯል።› በማግስቱ መጣላችሁ! ምንቃሩ ላይ የቋሊማ ስብ ተለጥፏል። መርከቧ ደግሞ ለቁርስ የምታቀርበው ቋሊማ ነው።»

«ትኬቱንስ?» አለው አንዱ።

«እሱንም ጠይቀነዋል። ‹ክንፉ ሥር አጣጥፎ ይዞታል› ብሎ ማለልን።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ ሁሉም፣ ሳይነጋገሩ፣ ወደ ሣጥኑ ዞሩ። እዚህ ቦታ ላይ ኮርማክ ሁልጊዜ አንድ ውሸት ይጨምር ነበር። ጠበቁት። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ሻዩን አማሰለ።

ብሮና ከሣጥኑ አጠገብ ካለው ወንበር ንቅንቅ አላለችም። ከግድግዳው ማዶ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በውሰት የመጣው ትልቅ የሻይ ማፍያ ይንተከተካል፤ በሱ ድምፅ የተሸፈነ መስሏቸው ሴቶቹ ያወራሉ።

«ሲደወልላት ሳቀች አሉ» አለች ማጂ፣ የእንቁላል ሳንድዊች እየቆራረጠች።

«ኧረ ተይ!»

«ኑላ ራሷ ናት የነገረችኝ። ‹አባትሽ ወድቋል፣ ቶሎ ነይ› ብትላት ‹ከእርግቦቹ ጋር እመጣለሁ በይው› ብላ ዘጋችባት።»

«እንዴት ያለ ልብ ነው?»

«እሷን ብቻ አትውቀሻት። እኔንስ ስንቴ ቀብሮኛል? ለፋሲካ ሰሞን ሣጥን ሠሪዎቹ ዘንድ ደውሎ ‹ማጂ አርፋለች፣ ሰፋ ያለውን ይዛችሁ ኑ› አላቸው። በሩን ስከፍት ሁለት ወንዶች ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል! ሰፋ ያለውን! እኔን!» ማጂ ሳቀች፤ ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጣ በመሐረቧ ዓይኗን ያዘች። «አሁን ማን ይቀልድብኛል?»

ብሮና ሁሉንም ሰማች። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። ማን እንደሆነ ሳታይ ታውቃለች፦ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚቀበለው ድርጅት ነው። ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለዋታል፤ ቤልፋስት፣ ግላስጎውና ፕሊማውዝ። አንዱን መምረጥ አለባት። መልሱ የሚዘጋው በቀብሩ ቀን ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ዝም ያለ ሰው ሁሉንም እምቢ እንዳለ ይቆጠራል።

ይህ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲጀመር ሌላው ወላጅ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ማደሪያው፣ ስለ ምግቡ ጠየቀ። ኮርማክ ግን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የብሪታንያን ካርታ ዘረጋና ጓሮው ያለበት ቦታ ላይ ምስማር ቀረቀረ። ምስማሩ ካርታውን አልፎ ጠረጴዛውን በሳው፤ ኑላ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። ምስማሩ ላይ ሲባጎ አሰረና ልጁን «በይ ጥሪ» አላት።

«ለንደን» አለች ብሮና።

«ጭልፊት ይበዛበታል።»

«አባዬ፣ እኔ እርግብ አይደለሁም!»

«ይገባኛል። እርግብ ብትሆኚማ ሐሳብ ባልገባኝ። እርግብ ትመለሳለች።»

«ፕሊማውዝ።»

ሲባጎውን እየሳበ ባሕሩን ተሻገረ፣ ዌልስን ተሻገረ፣ ደግሞ ባሕር ተሻገረ፤ እንግሊዝ ደቡብ ጫፍ ሊደርስ ሲል ሲባጎው አለቀ። ኮርማክ ለረጅም ጊዜ የሲባጎውን ጫፍ አየ።

«ምንድነው እዚያ ያለው?»

«ባሕር። የባሕር ፍጥረት ትምህርት። ከሱ የተሻለ የለም ይላሉ።»

«እዚህ ባሕር የለም? ያ ምንድነው፣ ሾርባ ነው?» ብሎ በመስኮቱ ወንዙ ባሕር ወደሚገባበት ጠቆመ።

እንዲህ የሚያደርገው ለምን እንደሆነ ኑላ ነበረች ለልጇ የነገረቻት፤ እሱ ራሱ እውነተኛ ነገር ማውራት አይሆንለትም ነበር። ኮርማክ ኦወን የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ሳውዝሃምፕተን ተምሮ እዚያው የቀረ። እናታቸው ሲሞቱ ተነገረው፤ በዚያ አገር ሬሳ በሦስተኛው ቀን ይቀበራል፣ ጳጳስ ቢቀርም አይጠበቅም። ባሕሩ ተናውጦ መርከብ ቆመ። ኦወን የደረሰው ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ሲያጥቡ ነው። ሻንጣውን እንደያዘ መቃብሩ አፈር ላይ ተንበርክኮ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ሦስቴ በጣቱ አንኳኳ። ኮርማክ ያንን አየ። ከዚያ በኋላ ለእሱ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓይነት ብቻ ሆነ፦ ሣጥን ሳይዘጋ የሚደረስበትና የማይደረስበት።

እናም ልጁን እንደ እርግብ ሊያለማምዳት ጀመረ። እርግብ መጀመሪያ ቅርብ ቦታ ትወሰዳለች፣ ቀጥሎ ራቅ ወዳለ። ብሮና የቤልፋስቱን ዩኒቨርሲቲ ልታይ በሄደች ጊዜ ፊንታን ደወለላት። «የኔ ልጅ፣ አባትሽ...» አለና ድምፁ ተቆረጠ። በአውቶቡሱ ውስጥ ሙሉውን መንገድ አለቀሰች፤ አንዲት የማታውቃት ሴት ደረቷ ላይ አስደግፋ አባበለቻት። ቤት ስትገባ አባቷ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል፣ ዓይኖቹ ላይ ሳንቲም፣ ደረቱ ላይ መቁጠሪያ። እግሩ ሥር ወደቀች። «ቋ!» አለ ሰዓቱ። ኮርማክ ቀና አለ፤ ሳንቲሞቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ።

«አይ የኔ ልጅ! የፊንታን አንካሳ እርግብ ትቀድምሻለች!»

አንድ ሳምንት አላናገረችውም። ለግላስጎው ግን ደገመው፤ ያን ጊዜ አላለቀሰችም። መርከቡ ላይ ድንች ጥብስ እየበላች፣ ሰዎች ሲጨፍሩ እያየች መጣች። ገብታ አፍንጫውን ቆነጠጠችው፤ ጆሮው ቀላ፣ ሆዱ ተንቀጠቀጠ፣ ሳቀ። «ግላስጎው ይደረሳል» አለ፣ ሰዓቱን እያየ።

የፕሊማውዙ ሌላ ነበር። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በጨው ውሃ ከተሞሉት ገንዳዎች አጠገብ፣ አንዲት ተማሪ ጥፍር የምታህል ሸርጣን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። ሸርጣኗ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ታሳልፋለች፤ ልቧ ሲመታ ይታያል። ብሮና በሕይወቷ እንዲያ ያለ ነገር አላየችም። «እዚህ ነው» አለች በልቧ፤ ያኔ ስልኩ ጮኸ። እናቷ ነበረች። ብሮና ሳቀች። የአባቷ እርግቦች በዚያው ሳምንት ፔንዛንስ ተልከው ነበር፤ ፔንዛንስ ከፕሊማውዝም የባሰ ነው፣ እዚያ መሬት አልቆ ባሕር ይጀምራል። «ከፔንዛንስ እርግቦች ጋር እመጣለሁ በይው» ብላ ዘጋች። ሸርጣኗን ደግማ አየች። የምግብ አዳራሹን አየች። ማደሪያውን አየች፤ አልጋው ላይ ተቀምጣ ይለጠጥ እንደሆነ ሞከረችው። በማግስቱ ፊንታን ሲደውል እያለቀሰ ነበር።

«አጎቴ ፊንታን፣ ዛሬስ ትወናህ ሽልማት ያሸልማል» አለችው።

ፊንታን አልመለሰላትም። ዝም ብሎ ሲተነፍስ ሰማችው። ፊንታን በቀልድ ጊዜ ዝም ብሎ አያውቅም ነበር።

ኮርማክ ከወደቀ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ በሕይወት ቆይቷል። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር ይላሉ። ኑላ ይህንን ለልጇ አልነገረቻትም። ማጂ ግን ለሁሉም ነገረች፤ ግድግዳው ደግሞ ስስ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሣጥኑ ሊዘጋ ሆነ። ሰዎቹ ግንባሩን እየሳሙ ወጡ። ብሮና ከጓሮ የእርግብ ሰዓቱን ይዛ መጣችና በተቆላለፉት እጆቹና በጎድኑ መሐል ወሸቀችው።

ፊንታን እጇን ያዘ። «ብሮና፣ የኔ ልጅ፣ እርግቦቹ እኮ ገና ናቸው። እዚያ ጭጋግ ሆኖ ሳይለቀቁ ከርመው ዛሬ ማለዳ ነው የተለቀቁት። ያለ እሱ ሰዓት አይቆጠሩም።»

«አይቆጠሩ።»

«ኧረ ስሚኝ...»

«እኔ ስገባ ነበር የሚመታው። አሁን ግን አልመታልኝም። ይዞት ይሂድ።»

ፊንታን ሊመልስ ሲል ኑላ በዓይኗ ከለከለችው። ክዳኑ ተገጠመ።

ሣጥኑን በየተራ በትከሻ እየተቀባበሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ዳገቱን ይዘው ወደ መቃብሩ ወጡ። ዝናብ አልነበረም፤ ሰማዩ አንድ ደመና ሳይኖርበት ተዘርግቷል። ኮርማክ ቢያየው ኖሮ ለእርግብ እንዲህ ያለ ቀን እኔ ነኝ የገዛሁት ብሎ ያወራ ነበር። ከቀብር ሲመለሱ ፊንታን አጠገቧ መጣ።

«አንድ ነገር አለ» አለ፣ ጫማውን እያየ። «ብነግርሽም ጸጸት ነው፣ ባልነግርሽም ጸጸት ነው።»

«ንገረኝ።»

«ቀጫጫዋን ታውቂያት የለ?»

ታውቃታለች። ከእርግቦቹ ሁሉ የኮሰመነችው ናት፤ ሌሎቹ ከምግብ ገፍተው የሚያባርሯት፣ ማኅበሩ ያሾፈባት፣ ማጂ «ለሾርባ እንኳ አትሆንም» ያለቻት።

«እሷንም ወደ ፔንዛንስ ላካት። ‹አብደሃል ወይ› አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እሷ ከዚያ በተለቀቀችበት ቀን ቤት ከገባች፣ የብሮናን ሻንጣ ተሸክሜ ፕሊማውዝ የማደርሳት እኔ ነኝ።›»

ብሮና ቆመች። ከኋላ የሚመጡት ለቀስተኞች በሁለት ተከፍለው አለፏት።

«ቀልዱን ነው?»

«አልሳቀም።»

«ለምን እሷን መረጠ? ለምን ጠንካራዎቹን አልመረጠም?»

ፊንታን ኮፍያውን በእጁ አዞረው። «እኔም እሱን ነው የማስበው። ‹ይህቺ እንኳ ከደረሰች ልጄም ትደርሳለች› ብሎ ይሁን፣ ወይስ እንዳትደርስ ብሎ... አላውቅም። ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይዋሸኝ ነበር።»

ቤት ሲደርሱ ሰው ሁሉ ሾርባና ሻይ ላይ ተሰማራ። ብሮና በጓሮ በር ወጥታ እርግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ በተገለበጠ ባልዲ ተቀመጠች። ፊንታን አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ጠንካራዎቹ ከቀትር በኋላ አንድ በአንድ ገቡ፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው ውሃቸውን ጠጥተው ላባቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ብሮና ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ሦስቱም ስሞች ስክሪኑ ላይ ተደርድረዋል።

ኑላ በእርጥብ እጇ መጣች። «ጫኚው» አለች። «ፕሊማውዝን ጫኚውና ግቢ።»

«ገና አልመጣችም።»

«ልጄ፣ እርግብ ናት! እርግብ ምን ታውቃለች?»

«አባዬ ነው ያለው።»

«አባትሽ በሕይወቱ ያለውን ሁሉ ብናምን እኮ አሁን ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበርን!»

«አንድ ጊዜ እውነት ሲል አላመንኩትም» አለች ብሮና። ድምፏ አልተለወጠም። «ይሄኛውን አምነዋለሁ።»

ኑላ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ የደረቀውን እጇን ደግማ ጠረገች። ከዚያ እሷም አጥሩ አጠገብ ቆማ ሰማይ ታይ ጀመር። ማጂ ሻይ ይዛ ወጣች፤ ብርጭቆውን ባልዲው ሥር አስቀምጣ እሷም ቆመች። የማኅበሩ ሰዎች መጡ። የቀብር ልብስ የለበሰ ሰው ሁሉ በአንዲት ጠባብ ጓሮ ውስጥ ወደ ደቡብ አንጋጦ ቆመ። አንዲት ነጥብ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ታየች፤ «እሷ ናት!» አለ አንዱ። የወንዝ ወፍ ነበረች። ሌላ ነጥብ መጣች። እሷም የወንዝ ወፍ ነበረች። የወተት ሻዩ ቀዝቅዞ ስልባቦት ያዘ።

«ልጄ፣ ደረሰ እኮ» አለች ኑላ በልመና። «ሰዓቱ ደረሰ።»

የብሮና አውራ ጣት ፕሊማውዝ ከሚለው ስም በላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ዓይኗ ግን ከሰማይ አልወረደም።

አስራ ሁለት ሰዓት አለፈ። ደወል አልተደወለም፣ ምንም ድምፅ አልተሰማም፤ ስክሪኑ ላይ የነበሩት ሦስት ስሞች ዝም ብለው ግራጫ ሆኑ። ብሮና ስልኩን በግንባሩ ደፋችው።

«ሌላ ዓመት አለ» አለች ማጂ። ሰዎቹ በየተራ የብሮናን ትከሻ እየነኩ ወጡ፤ ኑላም ሰሃን ልታጥብ ገባች። ቧንቧው ሲከፈት ተሰማ፤ ሰሃን ሲታጠብ ግን አልተሰማም፣ ውሃው ብቻ ለብዙ ጊዜ ፈሰሰ።

ፀሐይዋ ገና ከጣሪያዎቹ በላይ ሳለች እርግብ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አንድ ነገር ወደቀ። አረፈ አይባልም፣ ወደቀ። ደረቷ ላይ ላባ የለም፤ ጭልፊት ይሁን ሽቦ አግኝቷታል። አንድ ክንፏን እየጎተተች መግቢያው ላይ ደረሰችና ቆመች፤ የሚጠራትን ድምፅ ጠበቀች። ብሮና የአባቷን የበቆሎ ጣሳ አንስታ አንኳኳች። ቀጫጫዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። ገባች።

ፊንታን ኮፍያውን አወለቀ።

ብሮና እርግቧን በሁለት እጆቿ ያዘች። የእርግቧ ልብ መዳፏ ውስጥ ይመታል፤ ከቆዳው ሥር የሚታይ እስኪመስል ድረስ። እንደ ተማረችው የላስቲኩን ቀለበት ከእግሯ በቀስታ አወለቀችና ወደ መደርደሪያው ዞረች። መደርደሪያው ላይ ሰዓቱ የነበረበት፣ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን እንጨት ብቻ ነበር። ቀለበቱን እንደያዘች እዚያ ቆመች።

ከዚያ በገዛ ትንሽ ጣቷ ላይ አጠለቀችው። ላስቲኩ ጠባብ ነበር፤ የጣቷ ጫፍ ቀላ፣ ቀጥሎ መጥቆር ጀመረ።

«ያምሻል የኔ ልጅ» አላት ፊንታን። «አውልቂው።»

ብሮና ቀጫጫዋን ውሃው አጠገብ አስቀመጠቻት፤ እጇንም ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተች።